ታሪክ እንደ ጎረቤቱ፦ ከለቡ እስከ ጨለንቆ

ማክሰኞ፣ ባቡር ላይ

ወደ ምሥራቅ በመኪናም መሄድ ይቻል ነበር። ባቡሩን የመረጥኩት ለወሬው ብዬ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዙሮ ነው የሚሄደው። የጅቡቲው ባቡር ወንበር ግን ፊት ለፊት ነው። ወደድክም ጠላህም ከማታውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመህ ትውላለህ። ያውም ሰዓታት። አፍ ይዞ መዋል አይቻልም።

የለቡ ጣቢያ ፍተሻ ረጅም ነው፤ እሱን ልዝለለው።

ከፊቴ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ተቀምጠዋል። አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻቸውን ጠይቀው ወደ ድሬ መመለሳቸው ነው። አጠገባቸው ነጋዴ ሴት አለች፤ እግሯ ሥር የተጠቀጠቀ ፌስታል ደርድራለች። ከጎኔ ለፈቃድ የሚሄድ ወታደር፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ጡረተኛውን ማንም ሳያስተዋውቀን ሁላችንም «ጋሼ» አልናቸው።

ጋሼ አዳማ ሳንደርስ ጀመሩ። «ይሄ ባቡር ነው እንዴ? ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው!» በ2010 ሥራ የጀመረውን የኤሌክትሪክ ባቡር እንዲህ አጣጥለው ወደ አሮጌው ገቡ። ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው እምቢ አለ። ስለዚህ ባቡሩ በ1895 ከተራራው ሥር፣ በረሃው ላይ ቆመ፤ የቆመበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። «እኛ ፈረንሳይኛ የተማርነው ትምህርት ቤት አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ ነው» አሉ ጋሼ። «ስድቡ ነው የቀደመው።»

መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ በመስኮት መጣ። ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንም ሐዲዱንም ያስቸገረ ሐይቅ ነው። ጋሼ «እኔ ሳውቀው ኩሬ ነበር» አሉ። አዋሽ ስንደርስ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ጥር 6 ቀን 1977 እዚህ አካባቢ ባቡር በፍጥነት ሲታጠፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ጋሼ ያን ቀን ድሬ ጥገና ክፍል ነበሩ። ሬሳ የጫነው ባቡር ሲገባ ማን ምን እንደሠራ፣ አቡጀዲው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ሠራተኛ ራሱን እንደሳተ ሁሉንም ያስታውሳሉ። በዚያው ዓመት ረሃቡም ነበር። «ሞት እየተደራረበ ማልቀስ ራሱ ተራ ይጠብቅ ነበር» አሉ።

እዚህ ጋ ወታደሩ ሻይ ሊገዛ ተነሳ።

ወዲያው ወሬው ተገለበጠ። ነጋዴዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ መንገዱ ጀመረች። የትኛው ኬላ ላይ ምን እንደሚባል፣ ወንድሟ መታወቂያው ላይ ባለው ነገር ምክንያት እንዴት ከመኪና እንደወረደ፣ በባቡር የምትመላለሰውም ለዚያ እንደሆነ። ተማሪው ደግሞ ግቢ ውስጥ ስለነበረ ብጥብጥ አነሳ። ያ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ወታደሩ ሻዩን ይዞ ሲመለስ ነጋዴዋ ፌስታሎቿን ማስተካከል ጀመረች። «ጋሼ፣ ጨዋታው ምነው ቆመ?» አለ ወታደሩ። ጋሼም ወደ ምኒልክ ተመለሱ።

እንደ ጋዜጠኛ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ነው የማዳምጠው። ይህንን ግን በዚያው በማስታወሻዬ ጻፍኩት፦ በዚህ መስመር ሰው ታሪክ የሚያወራው አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ አይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከተናጋሪው ይልቅ ጎረቤቱ ላይ ይሆን ጀመር።

ሚኤሶን ካለፍን በኋላ ተማሪውም ነጋዴዋም እንቅልፍ ወሰዳቸው። አሁን ደግሞ የወታደሩ ተራ ሆነ። «ሁለቱንም ዓመት ሰሜን ነበርኩ» አለ። ከጥቅምት 2013 እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፣ ጥቅምት 2015 ማለቱ ነው። ጋሼ ቀጥል የሚል ዓይን ሰጡት። ልጁ ስለ ውጊያ አላወራም። ስለ አንድ በቅሎ አወራ። ዳገት ላይ ጥይት ሳጥን ተሸክማ እምቢ ያለች በቅሎ፣ የስድስት ሰው ልመና፣ በመጨረሻ ስኳር። ሳቅን። «ሌላውስ?» አልኩት። ጋሼ ቀደሙት፦ «ተወው። የአሁኑን ካረጀ በኋላ ጠይቀው።»

ረቡዕ፣ ድሬዳዋ

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። አሮጌው ግን ከዚራ መሐል ላይ፣ በዛፎቹ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። በ2000 ገደማ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ሲቀር የከተማው ግማሽ ሥራ አብሮ ቀርቷል። ግቢው ውስጥ የቆሙ ፉርጎዎች አሉ፤ ቅባት የጠጣው መሬት እስካሁን ያሸታል። ዘበኛው ሲያስገባኝ «ቶሎ በል እንጂ አቦ፣ ፀሐዩ መጣ» አለኝ። ድሬ ላይ ማንም በቀትር ቆሞ ታሪክ አይመለከትም።

የባጃጁ ሾፌር ቀልደኛ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ ስንሻገር የደቻቱን ወንዝ ጠቆመኝ፤ ደረቅ አሸዋ። «ይሄንን አትመነው። ተኝቶ ነው።» የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ሌሊት በዚህ አሸዋ ላይ መጥቶ ነው። ከዚያ ስለ ራሱ ጠየቅኩት። የድሬ አስተዳደር ሥልጣን በ40፣ 40፣ 20 እንደሚከፋፈል ብዙ ሰው ያውቃል፤ አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለሌላው። «እናቴ አርባ፣ አባቴ አርባ» አለኝ። «ደምረህ ስታየው ሰማንያ ነኝ። ቢሮ ስሄድ ግን ሃያው ውስጥም አይመዘግቡኝም።» ቀልዱን ስንት ጊዜ እንደተናገረው ከአፉ ፍጥነት ያስታውቃል። ግን ከቀልዱ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ፤ ያችን ዝምታ አልተለማመዳትም።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ወዳጄ ዘመድ ቤት በርጫ ላይ ተጋበዝኩ። ጫማ በር ላይ፣ ፍራሽ በግድግዳው ዙሪያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ኦቾሎኒ። እኔ ጫት ላይ ሰነፍ ነኝ፤ ማንም አልተቀየመኝም። እስከ ስምንት ሰዓት ኳስና የቤት ኪራይ ተወራ። ምርቃናው ሲገባ ታሪክ መጣ። በድሬ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ያለጊዜው ታሪክ ያነሳ ሰው «ገና ነው አቦ!» ይባላል።

ያነሱት 1969ን ነው። በዚያ ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ድንበሩን ጥሶ ገባ። በነሐሴ ድሬዳዋ ራሷ ተመታች፤ ግን አልተያዘችም። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ፣ ያኔ ልጅ፣ አልጋ ሥር ሆነው የሰሙትን አወሩ። እናታቸው ልጆቹን አልጋ ሥር ከታ እሷ ለምን አልጋው ላይ እንደተቀመጠች እስከ ዛሬ አልገባቸውም። «ለእሷ ቦታ አልነበረም ይሆናል» አሉ።

ከፍራሹ ማዶ አንድ ሶማሌ አዛውንት ተቀምጠዋል። ሁሉም ወደ እሳቸው ላለማየት ሲጠነቀቅ አየሁ። እሳቸው ግን ጫታቸውን ወደ ጎን አደረጉና በድሬ አማርኛ ቀጠሉ። ከቤታቸው ሁለት ወንዶች ወጥተዋል። አንደኛው ከዚያድ ባሬ ጦር ጋር ሆነ። ሁለተኛው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ በሚሊሺያነት መጣ። አባታቸው የሁለቱንም ፎቶ በአንድ ፍሬም ውስጥ ሰቅለው ነበር። «ቀበሌ ሲመጣ ፍሬሙን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ሲሄድ እንመልሰዋለን። አባቴ ግን ከፍሬሙ ማንንም አያወጣም።» ሁለቱ ወንድሞች ምን እንደሆኑ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት የቤቱ ባለቤት ሻይ ላኩልኝ። ገባኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

ጎርፉ ሲነሳ ደግሞ ጫጫታ ሆነ። ስለ ጦርነቱ እንዲያ የተጠነቀቁ ሰዎች ስለ ጎርፉ ይጯጯሃሉ። ሁሉም ሰው አንድ ሰው አድኗል። ሁሉም ቆርቆሮ ላይ ወጥቷል። ማን ማንን እንደጎተተ እስከ ማታ አልተስማሙም። ጠላት የሌለው ታሪክ ሲሆን ሰው እንዲህ ነጻ ሆኖ ይዋሻል።

ሐሙስ፣ ሐረር

በደንገጎ ዳገት ስትወጣ ሙቀቱ እየወረደ፣ ጆሮ እየተደፈነ ይሄዳል። ላይ ስትደርስ ሐረማያ ሐይቅ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚጋጥበት ሜዳ ነበር። በዙሪያው ያለው መስኖ፣ ጫቱ፣ የከተሞቹ የመጠጥ ውሃ ሁሉም ተደማምሮ ጨርሶት ነበር። አሁን ውሃ ተመልሷል። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ለመመለሱ ሁለት ምክንያት ሰጡኝ፤ አንዷ ዝናብ አለች፣ አንዷ ዱዓ። አወዳይ ላይ ጫት ለማውረድ ቆምን። ሚኒባሱ እስኪሞላ እዚያ ያየሁት የገንዘብ አቆጣጠር ፍጥነት ባንክ ቤት የለም።

ሐረር ከዚህ ቀደም መጥቻለሁ፤ ጀጎልን አሁንም አልጠግበውም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ግንብ፣ አምስቱ በሮች፣ በ1998 በዩኔስኮ የተመዘገበው ሁሉ በየመጽሐፉ አለ። እኔን የያዘኝ አስጎብኚው ነው። ወጣት ነው፣ አራት ቋንቋ ይናገራል። ጠዋት ከአዲስ አበባ ለመጣ ቡድን ሲያስረዳ ከኋላ ሆኜ ሰማሁት። ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ ራስ መኮንን ከተማዋን እንዴት እንዳስተዳደሩ፣ አድዋ ላይ እንዴት እንደዘመቱ ነገራቸው። ከሰዓት በኋላ ከውጭ ለመጡ የሐረሪ ተወላጆች ሲያስረዳ ደግሞ አጋጠመኝ። ያው ቦታ፣ ያው ልጅ። አሁን ጣቱ የጨለንቆ መታሰቢያው ላይ ነው። በጥር 1879 ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር እንዳሸነፉና ሐረር ነጻነቷን እንዳጣች ነው የሚናገረው። በሁለቱም ንግግሩ ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም።

ማታ ቡና ላይ አነሳሁበት። አላፈረም። «ጋሼ፣ እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ። እነሱ ግማሽ ግማሹን ነው የሚከፍሉበት።» በኔ ዕድሜ ያለውን ሰው «ጋሼ» ማለቱን ችላ ብዬ፣ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ አስጎብኝቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «አንዴ። ስለ ጅብ አወራኋቸው።»

የራስ መኮንን የፈረስ ላይ ሐውልት ከግንቡ ውጭ ነበር፤ ዩጎዝላቪያዊ ቀራጺ የሠራው። ሰኔ 2012፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ወጣቶች ገነደሱት። የነበረበትን ቦታ የጠየቅኳቸው ሰዎች አንዳቸውም እጃቸውን አላነሱም፤ በአገጫቸው ነው የጠቆሙኝ። አንድ ባለ ሱቅ «ለማን ነው የምትጽፈው?» አለኝ። ለራሴ አልኩት። «እንግዲያ እኔም ለራሴ ነው የማስበው» ብሎ ጨረሰ። መልሱን ወደድኩለት።

አስጎብኚው አንድ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ወሰደኝ። ከፍ ዝቅ ያሉት መቀመጫዎች፣ ግድግዳውን የሞሉት ባለ ቀለም ሰፌዶች፣ ቀይ የተቀባው ወለል። ቀዩ ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው አለኝ። ይህንን ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። የቤቱ እመቤት፣ ሰማንያን የተሻገሩ ሴት፣ ከጥግ ሆነው ፈገግ አሉ። አስጎብኚው ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል «እኔ ሳድግም ቀይ ነው» አሉኝ። «ደሙን በኋላ የጨመሩበት ይመስለኛል። ግን ያምራል፤ ይበሉት።»

ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ጨለንቆ አይደለም፤ ስለ 1940 ነው። ኩሉብ ይሉታል። ሐረሪዎች ወደ ሞቃዲሾ አቤቱታ ልከዋል ተብሎ የታሰሩበት፣ ንብረት የተወረሰበት፣ ብዙ ቤተሰብ ከተማውን ጥሎ የወጣበት ጊዜ ነው። የእሳቸው አጎት አዲስ አበባ መርካቶ ገብቶ ሱቅ ከፈተ። «ልጆቹ አሁን ሐረር የሚመጡት እንደ አንተ ካሜራ ይዘው ነው» አሉኝ። ካሜራ አልያዝኩም ነበር። ግን ገባኝ።

ስለ ልጅ ኢያሱም ጠየቅኳቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 አዲስ አበባ ላይ ሲሻር እሱ እዚህ ሐረር ነበር። እስልምና ተቀብሏል ተብሎ። እማማ አያታቸው እዚህ መንገድ ላይ በበቅሎ ሲያልፍ እንዳዩት ይናገሩ ነበር። «ሰልሞ ነበር?» አልኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። «አያቴ መልከ መልካም ነበር ብቻ ነው የምትለው። ሌላውን መኳንንቱን ጠይቅ።»

ዓርብ፣ እዚያው

ጁምዓ ነው፤ ሱቁ ተዘግቷል፤ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ የሸሪፍ ሙዚየም ሄድኩ። ቤቱ የራስ መኮንን ቤተሰብ የኖረበት ነው። ዛሬ ውስጡ የሞላው አንድ ሐረሪ በየቤቱ ዞሮ የሰበሰበው የብራና ቁርዓን፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የድሮ ድምፅ ቅጂ ነው። የገዢው ቤት የተገዢውን ዕቃ ይጠብቃል። ማንም ይህንን ጽፎ አልለጠፈበትም። ማታ ጅብ ሲበላ አይቼ ገባሁ፤ ስለ ጅቡ ሰው ሁሉ ጽፏል።

ቅዳሜ፣ ካራማራና ጅጅጋ

ወደ ጅጅጋ የሚሄደው ሚኒባስ ባቢሌ ላይ ቆመ። ሁሉም ኦቾሎኒ ገዛ። ከባቢሌ በኋላ መንገዱ ጸጥ ይላል። በ2009 መጨረሻና በ2010 በኦሮሞና በሶማሌ መካከል በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተፈናቀሉት በዚህ አካባቢ ወዲያና ወዲህ ነው። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ኦሮምኛ ያወሩ ነበር፤ እዚህ ሲደርሱ ወደ ሶማሊኛ ተሻገሩ። ሁለቱንም እኩል ነው የሚናገሩት። ማንም አላዘዛቸውም። ኬላውን ካለፍን በኋላ ተመለሱ።

ካራማራ ተራራ ከጅጅጋ በፊት ድንገት ይነሳል። ነፋሱ መስኮቱን ያንኳኳል። ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ተያዘች። የካቲት 26 ቀን 1970 ኢትዮጵያ፣ ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆና መልሳ ያዘቻት። ቀኑ እስካሁን በየዓመቱ ይታሰባል። ከፊት የተቀመጠ የአዲስ አበባ ነጋዴ ተራራውን ሲያይ ስሜት ያዘው። «ይኸው! ድሉ እዚህ ነው!» አለ። ከዚያ ዞር ሲል ከጎኔ የተቀመጡትን ሶማሌ ሽማግሌ አየ። ድምፁ ወደ ሆዱ ተመለሰ።

ሽማግሌው ጺማቸውን በሂና ቀልመዋል። ትንሽ ቆዩና በአማርኛ፦ «እኔም እዚህ ነበርኩ። በየት በኩል እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። ሾፌሩ ራሱ መሪውን መታ። ነጋዴው «አባ፣ እንኳን ሁለታችንም ተረፍን» አለ። እሳቸውም «አንተ መቼ ተወለድክ? እኔ ነኝ የተረፍኩት» አሉት። እስከ ጅጅጋ ድረስ ሲጨዋወቱ ሄዱ። እሳቸው ስለ ታንክ ድምፅ፣ ስለ ጥማት፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስላገኙት የኩባ ሲጋራ ይናገራሉ። ሁለቱ ሲወርዱ ስልክ ተለዋወጡ። ነጋዴው የሚፈልገው የጅምላ ሱቅ አድራሻ እንደነበር አልደብቅም።

ጅጅጋ ላይ የሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን የፈረስ ሐውልት ቆሟል። እንግሊዝን፣ ጣሊያንንም፣ የምኒልክን ጦርም ሃያ ዓመት ያህል የተዋጋ ሰው ነው። በ1892 እዚሁ ጅጅጋ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ሰፈር አጥቅቷል፤ በ1913 ኢሚ ላይ ሞተ። ሐረር የፈረሰኛ ሐውልት ወደቀ፤ ጅጅጋ ፈረሰኛው ቆሟል። ሁለቱ ፈረሰኞች በአንድ ዘመን የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ሻይ ቤቷ በቆርቆሮ የተከለለች ናት። ሻዩ የግመል ወተት አለው፤ ጣፋጭ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ባለቤቷ «ወላል፣ ተቀመጥ» አለችኝ። አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ቁጥር ላይ ፈጣን፣ ወሬ ላይ ቀስ ይላል። ወላጆቿ በ1970 ጦሩ ወደ ኋላ ሲመለስ በእግር ሐርጌሳ ገቡ። እሷ እዚያ የስደተኛ ልጅ ሆና ተወለደች። በ1980 ደግሞ ዚያድ ባሬ ራሱ ሐርጌሳን በቦምብ ደበደበ። ስደተኛውም ባላገሩም አንድ ላይ ሸሸ። ወዴት? ወደ ኢትዮጵያ፣ ከጅጅጋ ብዙም ወደማይርቀው ሐርተሼክ ካምፕ። ሐርተሼክ ያኔ ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር።

«አባቴ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ብለው መዘገቡት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ስደተኛ!» ብላ በመዳፏ ጠረጴዛውን መታች። በቤታቸው የዱቄት ካርድ ነበራቸው። አባቷ ካርዱን እየያዘ ከካምፑ ወጣ ይልና የድሮ ቤቱን ከሩቅ ያያል፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ወታደር አልነበረም፤ እሱም ከሌላ ቦታ የተፈናቀለ ነው። ሁለቱ በመጨረሻ አብረው ጫት ይቅሙ ነበር አለች። ቤቱንስ? «ቤቱን ዝናብ ወሰደው። እነሱ ግን አብረው መቃም አልተዉም።»

የሆቴሉ ልጅ ማታ ላይ «ሐምሌ 28» አለኝ፤ ዓመቱን አልተናገረም። 2010 ነው፤ በከተማዋ ሰው የተገደለበት፣ ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለበት፣ የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ መሐመድ ከሥልጣን የወረዱበት ሰሞን። ልጁ ሌላ አልጨመረም። ቁልፉን ሰጥቶኝ የሙቅ ውሃውን ሰዓት ነገረኝ።

እሑድ መመለሻ ብቻ ነው። ሐረር አደርኩ።

ሰኞ፣ ቁልቢና ጨለንቆ

ቁልቢ ገብርኤልን በባዶው ቀን ማየት ጥሩ ነው። ታኅሣሥ 19 ብትመጣ መርፌ መጣያ የለም። ቤተ ክርስቲያኑን ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ በስለታቸው መሠረት ያሠሩት ነው። ደጁ ላይ የተቀመጡት እናት ስለቱን አወሩልኝ፤ ከዚያ ስለ ራሳቸው ስለት፣ ከዚያ ስለ ልጃቸው ቪዛ። የክርስቲያን ብቻ ቦታ የሚመስለው ካለ እነዚያን የሙስሊም ሴቶች ጠይቆ ይረዳ፤ ሻማ እነሱም ይዘው ይመጣሉ።

ከቁልቢ ጨለንቆ ቅርብ ነው። በአንደኛው ራስ መኮንን ባለ ስለት ናቸው። በሁለተኛው ስማቸው ሲነሳ ሰው ምራቁን ይውጣል። መንገዱ ግን አንድ አስፋልት ነው፤ ሚኒባሱ ለሁለቱም አንድ ታሪፍ ነው የሚያስከፍለው።

ጨለንቆ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጫት፣ የጭነት መኪና። የሰማዕታቱን መታሰቢያ አይቼ ወጣሁና መንገድ ዳር ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንድ ኦሮሞ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀምጠዋል፤ ሰው ሁሉ «አባ» ይላቸዋል። ስለ ጨለንቆ የሰሙት ካለ እንዲያጫውቱኝ ለመንኳቸው።

«የቱን ጨለንቆ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። እሳቸው በከዘራቸው ወደ ሜዳው ጠቆሙ። «የአያቶቹን ነው?» ከዚያ ከዘራውን አዙረው አስፋልቱን ነኩ። «ወይስ የልጆቹን?»

የልጆቹ የታኅሣሥ 2 ቀን 2010 ነው። ሰልፍ የወጣ ሕዝብ ላይ ወታደሮች ተኩሰው ከ15 ያላነሱ ሰዎች የሞቱበት። አባ ሁለቱንም አወሩኝ፤ እየቀላቀሉ። ከአያታቸው የሰሙትን የጦር ጩኸት ሲናገሩ ድንገት ስለ ጎረቤታቸው ልጅ ሞባይል ይገባሉ፤ ሬሳው ኪስ ውስጥ ሆኖ ሲጠራ ስለዋለው። «አላነሳነውም። ማን ነው ብለን እናንሳው?» ከዚያ ተመልሰው ስለ ጠመንጃና ስለ ጦር። በመሐል የፖሊስ ፓትሮል ከፊታችን አልፎ ትንሽ ወደ ፊት ቆመ። ሻይ የሚቀዳው ልጅ ዓይኑን ወደ መኪናው፣ ከዚያ ወደ አባ ወረወረ። በጉዞዬ ሁሉ ያየሁት ነገር እዚህም እንዲመጣ ጠበቅኩ። አባ ግን ሐሳባቸውን በዚያው ድምፅ ጨረሱ። እንዲያውም የጎዳናው ጫጫታ ስለበዛ ትንሽ ከፍ አደረጉት።

ረዳቱ «ጭሮ! ጭሮ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ሒሳብ ልከፍል ስነሳ አባ ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ሁሉን ጠየቅከኝ። አያትህ የየት አገር ሰው ናቸው?»

«መንዝ» አልኳቸው።

አላኮረፉም፤ ፈገግም አላሉም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ለወሬ ሁለቱም እጅ የሚያስፈልግ ይመስል። «ምኒልክን ተከትለው የመጡ ሰው ነበሩ?»

የቅድመ አያቴ ወንድም ዘምቶ ነበር ይባላል። ወዴት እንደዘመተ ቤታችን ውስጥ ሰው ሁሉ የራሱን ይናገራል። ይህንን ነገርኳቸው።

«ተቀመጥ እንግዲያ» አሉኝ። «እናንተ ቤት የሚባለውን አንተ ንገረኝ።»

ረዳቱ ሁለቱን ሰው አገኘና በሩን ዘጋ። ልጁ ሳንጠይቀው ሻይ ደገመልን። ከየት እንደምጀምር እያሰብኩ ስኳሩን ሳማስል አባ ወንበራቸውን አስጠጉ።